ስልክ ላይ ላልመለስኩልሽ ጥያቄ

ደሴ፣ ሐምሌ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ቀለል ብሎላታል። የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉም ለብሶ ዋለ። ጉሙ ፒያሳ ድረስ ወርዶ ባጃጁ ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። የደሴን ሐምሌ ታውቂው የለ።

ረቡዕ ማታ ስትደውይ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። "አባዬ፣ እኔም ብታሰር ታፍርብኛለህ?" አልሽኝ። እኔም "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ አልተቆራረጠም። ድምፅሽ አጠገቤ የተቀመጥሽ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። የዘጋሁት የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ። የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ የአውቶቡስ ረዳቱ። ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። እሱንም እነግርሻለሁ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አብሮሽ የሚሠራውን ጋዜጠኛ ልጅ ከቢሮ ከወሰዱት ሁለት ሳምንት ሞላው። ስለ እስረኛ ቤተሰቦች የሠራችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያቺ ልጇ የት እንደታሰረ ሳታውቅ ከጣቢያ ጣቢያ የምትዞረው እናት፣ ፌስታሏን አቅፋ ስትናገር እናትሽ ከወጥ ቤት መጥታ ቆማ ሰማቻት። ምንም አላለችም። ተመልሳ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም፣ ልጄ።

አንቺ በደንብ የምታስታውሺው የሞባይል ካርድና ማስቲካ የሚሸጠውን አባትሽን ነው። ከዚያ በፊት ግን ጋዜጣ ሻጭ ነበርኩ። የግል ጋዜጣ በሕግ የተፈቀደው በ1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። እኔ ከሦስት ዓመት በኋላ ፒያሳ ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ጋዜጣው አዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይታተማል። አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ታርማበርን ይሻገራል። በሸዋሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ፣ ከኮምቦልቻ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ እኔ ጋ ይደርሳል። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የአርቡ ጋዜጣ ቅዳሜ እጄ ይገባል። መናኸሪያ ቆሜ ጥቅሉን ስቀበል የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር።

ብዙ ሰው ጋዜጣ አይገዛም፣ ይከራያል እንጂ። 50 ሳንቲም ይከፍላል፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ይመልሳል። አንዷን ጋዜጣ ሃያ ሰው ያነባት ነበር። ማታ ላይ ጠርዟ ተልጦ፣ መታጠፊያዋ ተቀዶ፣ የጣት ወዝ ጠጥታ ትውላለች። እኔ ማትሪክ ያልመጣልኝ ሰው፣ ሕገ መንግሥት ምን እንደሚል፣ ዋስትና ማለት ምን እንደሆነ፣ በጀት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያ ደብተርሽን የገዛሁት በዚያው ብር ነው። የተከራየነው ቤት፣ የበላነው እንጀራ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። እነዚያ ሰዎች ጻፉ፣ እኔ ሸጥኩ፣ አንቺ አደግሽ። እነሱ ደግሞ ታሰሩ።

ከምርጫ 97 በኋላ የሆነውን በትንሹ ነግሬሻለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠረጴዛዬ ባዶ ሆነ። አዘጋጆቹ በጅምላ ታሰሩ። እስክንድር ነጋና ባለቤቱ ሰርካለም ፋሲል አብረው ገቡ፤ ሰርካለም በእስር ላይ እያለች ወለደች። በ1999 ተፈቱ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጋዜጦች እንደገና ብቅ አሉ። እኔም ጠረጴዛዬን እንደገና ጠረግኩ።

ዛሬ ግን ልነግርሽ የምፈልገው ስለ አንዲት ሴት ነው። ርዕዮት አለሙ ትባላለች። ስሟን ታውቂዋለሽ፣ ትምህርት ቤትም ሳያነሱላችሁ አልቀሩም። እኔ ግን ከጠረጴዛው በዚህ በኩል ሆኜ እንዴት እንዳየኋት ስሚኝ።

ርዕዮት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። እያስተማረች "ፍትሕ" ጋዜጣ ላይ ትጽፍ ነበር። በሰኔ 2003፣ የአባይ ግድብ ግንባታ ከተበሰረ ጥቂት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ የሚተች ጽሑፍ አወጣች። ጋዜጣው የወጣው አርብ ነው። እኔ ቅዳሜ ሸጥኩት። ማክሰኞ ሰኔ 14 ተያዘች። ከሷ በሁለት ቀን ቀድሞ የአውራምባ ታይምሱ ውብሸት ታዬ ተይዟል። ሁለቱንም ማዕከላዊ፣ የፖሊስ ምርመራ እስር ቤቱ፣ አስገቧቸው።

የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 የሚባል ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ፖሊስ አንድን ሰው 28 ቀን 28 ቀን እያስፈቀደ እስከ 4 ወር ለምርመራ ማቆየት ይችል ነበር። "ሽብርን የሚያበረታታ" ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ነገር ያሳተመ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈረድበት ነበር። "ሊታሰብ የሚችል" የሚለውን ልብ በዪልኝ። በማን ልብ ነው የሚታሰበው? ርዕዮት ላይ የቀረበው ማስረጃ ጽሑፎቿ፣ ኢሜሎቿና የስልክ ንግግሮቿ ነበሩ። የስልክ ንግግር፣ ልጄ። ለምን በደብዳቤ እንደጻፍኩልሽ አሁን ገባሽ።

በጥር 2004 ለሷም ለውብሸትም 14 ዓመት ፈረዱባቸው፤ 33 ሺህ 33 ሺህ ብር መቀጮም ጨመሩበት። የርዕዮት በይግባኝ ወደ 5 ዓመት ወረደ። ቃሊቲ እስር ቤት እያለች ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። በቂ ሕክምና አላገኘችም። ጠያቂም ከለከሏት። አባቷ የሕግ ባለሙያ ናቸው። አንዳንዴ ስለሳቸው አስባለሁ። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ እያወቁ የልጃቸው በር ላይ መቆም። እኔ ሕጉን አለማወቄ ያሳፍረኝ ነበር። የሳቸው ማወቅ ግን ከኔ የባሰ የሚያም ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባልደረቦችሽ ላይ መስክሪና ምሕረት ይደረግልሻል አሏት። እምቢ አለች። 13 ቀን ለብቻዋ ዘጉባት። አሁንም እምቢ አለች። የተፈታችው ሐምሌ 2 ቀን 2007 ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ የሰው ስም አልሰጠችም።

እኔ ሰጥቻለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። እናትሽ እንኳ አታውቅም።

ከመስከረም 2004 በኋላ ነው። እስክንድር እንደገና ተይዞ ነበር። የፀረ ሽብር ሕጉ ጋዜጠኛ ማሰሪያ ሆኗል ብሎ በጻፈ በቀናት ውስጥ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ ነው የያዙት። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው መጣ። ዩኒፎርም አልለበሰም። 50 ሳንቲም አልሰጠኝም፣ ዝም ብሎ ጋዜጣውን አንስቶ ቆሞ አነበበ። ከዚያ "ይህን ጋዜጣ ማን ማን ነው የሚያነበው?" አለኝ። "መንገደኛ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት። ሳቀ። "ደንበኛ የለህም?" አለኝ። ንግድ ፈቃዴን ጠየቀኝ። አልነበረኝም፤ የጋዜጣ ጠረጴዛ ማን ፈቃድ አውጥቶለት ያውቃል? ጠረጴዛውን በእጁ መታ መታ አደረገው። ያን ጊዜ አንቺ ትኩሳት ይዞሽ ቤት ተኝተሽ ነበር፤ የመድኃኒቱ ብር ኪሴ ውስጥ ነው። ይህን የምነግርሽ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

አንድ ስም ነገርኩት። ከወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። መነጽራቸው በክር የታሰረ። አንብበው ሲጨርሱ ጋዜጣውን በቦታው አጥፈው፣ እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጃቸው የሚመልሱልኝ። አንቺንም "የኔ ተማሪ" እያሉ ከረሜላ ይሰጡሽ ነበር። ታስታውሻቸው ይሆን?

ሦስት ሌሊት አሳደሯቸው። ወጡ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ ደርሰው አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉኝ ነበር። አውቀውብኝ ይሁን ሳያውቁብኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከጦርነቱ በፊት ባለው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሜ ሸኘኋቸው። ሠልስት ቀን ልጃቸው ቡና ቀዳችልኝ፤ "አባባ ያንተን ጋዜጣ በጣም ይወዱ ነበር" አለችኝ። ሲኒውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ "ታፍርብኛለህ?" ስትዪኝ የመጡብኝ እኚህ ሰውዬ ናቸው። በዚህ ቤት ማፈር ያለበት ሰው ካለ ስልኩን የዘጋው ነው።

አስተማሪው አንድ ቀን ለምን እንደዚያ አጥብቀው እንደሚያነቡ ነግረውኝ ነበር። በ1965 ወጣት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚሁ ደሴ። ያ ዓመት ወሎ ያለቀበት ዓመት ነው። ገበሬው ከየአምባው ወርዶ በወልድያ መንገድ ዳር ለዳር ተዘርሮ ይሞታል። ራዲዮኑ ግን ሌላ ወሬ ያወራል። አስተማሪው "እኛ በዓይናችን እናያለን፣ በጆሯችን የምንሰማው ሌላ ነው፤ ሰው ያብዳል" ነበር ያሉኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው አይተው ፎቶ ይዘው ተመለሱ፣ ስድስት ኪሎ ለእይታ አቀረቡት። ያኔም አልተወደደላቸውም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የሰማው። እኛ እዚሁ ስንሞት የሰማው ለንደን ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው። ከአምባሰል ወርደን ውጫሌ መንገድ ዳር ተቀምጠን ነበር። አያትሽ አቅፋት የነበረችው ታናሽ እህቴ እዚያው ቀረች። ስም ነበራት፤ ፎቶ ግን የላትም። አያትሽ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር። "አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ያኔ አልሰሙም ነበር?" ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ሰምተው ዝም ካሉ ምን ልላት ነው? ካልሰሙስ ለምን አልሰሙ?

በ1977ም ያው ተደገመ። ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በመስከረም ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት ላይ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ደርሶ ባያሳይ ስንቱ ይቀር እንደነበር አላህ ይወቀው። እኔ ያኔ ለአቅመ አዳም ደርሻለሁ። እህል የጫነ መኪና መምጣት የጀመረው ሰው ካየን በኋላ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ አንቺ ስለ እስረኛ ስትጽፊ አያትሽ ትመጣብኛለች። የታሰረ ሰውም መንገድ ዳር እንደወደቀ ሰው ነው፤ ካላዩት የለም። ያቺ ፌስታል ያቀፈችው እናት ልጇ የት እንዳለ የተነገራት የእናንተ ዘገባ ከወጣ በማግስቱ አይደል? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።

ጋዜጣውን እንዴት እንደተውኩት ልጨርስልሽ። ያ ስም ከሰጠሁ በኋላም ለወራት ሸጫለሁ፣ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐምሌ 13 ቀን 2004 አርብ መውጣት የነበረበት "ፍትሕ" ቅዳሜ አልደረሰኝም። መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ኋላ ስሰማ 30 ሺህ ቅጂ ማተሚያ ቤት እንዳለ ታግዷል፤ ስለ አቶ መለስ ጤና ጽፎ ነበር። ጋዜጣው ከዚያ አልተመለሰም። ዋና አዘጋጁ ተመስገን ደሳለኝ በ2007 ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ዝዋይ እስር ቤት ወረደ። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለመጠበቅም አልሄድኩም። የሞባይል ካርድ አመጣሁ። ከሃያዎቹ አንባቢዎቼ አንድም ሰው "ጋዜጣው የት ሄደ?" ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም "ጸሐፊዎቹ የት ሄዱ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ስንበላባቸው ኖረን ሲወሰዱ ዝም አልን። ይህን ዕዳ ነው የምነግርሽ።

በ2006 ሚያዝያ ላይ ደግሞ የዞን ዘጠኝ ልጆች ተያዙ፣ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች። የስሙን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ቃሊቲ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ነው ለማለት ነው። አንቺ ያኔ ጉርምስና ላይ ነበርሽ፣ ስማቸውን በየደብተርሽ ጀርባ ትጽፊ ነበር። አይቼ ገጹን ቀደድኩብሽ። ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል የሚል አለ። የተለወጠ ነገር አለ፣ አልክድም። ማዕከላዊ በ2010 ተዘጋ። ያ የፀረ ሽብር ሕግ በ2012 በሌላ ተተካ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238፣ በሚዲያ በተሠራ ሥራ የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ወረቀቱን አሳትሜ አንብቤዋለሁ። ሕገ መንግሥቱም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ግን በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ በረሃ፣ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ታስረው ወራት አሳለፉ። ወረቀቱ ምንም ቢል ጋዜጠኛው የትኛው በር ጋ እንደሚደርስ እናውቃለን። የባልደረባሽንም ነገር ያው እያየሽው ነው።

ሁሉም የታሰረ ጋዜጠኛ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው አልልሽም። ጠረጴዛዬ ላይ ውሸት የያዘ ጋዜጣም ሸጫለሁ። ሳያጣራ የሚጽፍ፣ ብሔር ከብሔር የሚያባላ፣ የሰው ስም የሚያጠፋ አለ። ወሎ ውስጥ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን መካከል ክብሪት የሚጭር ወሬ ምን እንደሚያደርግ አንቺ አታጪውም። ግን ለተሳሳተ ጽሑፍ ማረሚያው ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ቢብስም የፍትሐ ብሔር ክስ። ሌሊት በር ሰብሮ መውሰድን ምን አመጣው? ደግሞ አንቺ ስህተት ስትሠሪ ታርሚያለሽ። ያን የቀበሌ ስም ተሳስተሽ በማግስቱ ይቅርታ ብለሽ ያስተካከልሽ ቀን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። ከኛ ማዶ ያለችው እናት ልጇ ፌስቡክ ላይ ስለታፈሱ ልጆች ጽፎ ተይዞባታል። እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ፖሊስ 14 ቀን ጠይቆ ነበር፣ ዳኛው 10 ፈቀዱ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ 10። ብቻዋን እንዳትሄድ ምሳውን ይዤላት ሄድኩ።

በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ስም ከነአያት ይመዘገባል። ቀበቶና ስልክ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ይቀመጣል። ተራችን ሲደርስ ሳህኑን ከፈተችው። ፖሊሷ "ቅመሺ" አለቻት። ከእንጀራው ጥግ ቆርሳ፣ ምስር ወጡን ነክታ ጎረሰች። ልጇ የሚበላውን ምሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሰው እያያት አኘከች። ፖሊሷ ወጡን በማንኪያ አገላበጠችው። እንጀራውን ዘረጋችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ሻዩ በፔርሙዝ አይገባም ተባለ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ገለበጥንላት። ከዚያ የትናንቱ ባዶ ሳህን መጣ። እናትየው ተቀብላ ገለበጠችው፣ ታቹን አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው። "አጥቦታል" አለችኝ። "እጁ ደህና ነው ማለት ነው፤ ውሃም አለ ማለት ነው።" ከበሩ እስከ ሸዋ በር ድረስ ያንን ሳህን አቅፋ ስትሄድ ሌላ ነገር አላወራችም።

በነጋታው ሰኞ ገበያ ሄጄ ሳህን ገዛሁ። ክዳን ያለው፣ ሦስት ድርብ። እናትሽ "ለማን ነው?" አለችኝ። ዝም አልኳት። አጥባ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ገብቷታል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። አላፍርብሽም። አቁሚም አልልሽም። ብታቆሚ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሌሊት ሌሊት አቁሚ በላት በላት ይለኛል። ጠዋት ሲነጋ ግን የምልበት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ ልበልሽ። ቢይዙሽ ስትደበደቢም ቢሆን ጀግና ሁኚልኝ አልልሽም፤ ሰው ሰው ነው። የጓደኛሽን ስም ግን አትስጪ። ከታሰርሽ ትፈቻለሽ። ስም ከሰጠሽ ግን መፈቻ የለውም፣ እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ሞክሬዋለሁ። ወረቀት ፈርሚ ቢሉሽም አንብቢው። እስክንድርን በ2010 ሊፈቱት ሲሉ በሽብርተኝነት የተፈረጀው የግንቦት 7 ድርጅት አባል ነኝ የሚል ፎርም ፈርም አሉት። 18 ዓመት ተፈርዶበት ስድስት ዓመት ተኩል ገደማ ታስሯል፤ በሩ ተከፍቷል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ያልሆንኩትን አልፈርምም አለ። ሳይፈርም የካቲት 7 ቀን ወጣ። በፖለቲካው ላትስማሚ ትችያለሽ፣ እኔም በሁሉም አልስማማም። በዚያች ፊርማ ግን ኮፍያዬን አነሳለታለሁ።

ሌላው ተራ ነገር ነው ግን ያዢው። የጠበቃሽን ቁጥር ስልክሽ ላይ ብቻ አትተዪው፣ ስልኩን መጀመሪያ ነው የሚወስዱት። ለኔ ላኪልኝ፣ በቃሌ እይዘዋለሁ። የአስምሽን መድኃኒት ሁልጊዜ ኪስሽ ያዢ። ወፍራም ካልሲ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ ሲሚንቶ ላይ ብርዱ ከእግር ነው የሚገባው ይላሉ። የምታናግሪያቸውን ሰዎች ስም የጻፍሽበት ደብተር ካለ ቤት አታስቀምጪው። ቤተሰብ የመጠየቅ መብት እንዳለሽ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል፤ ከበሩ ቢመልሱኝም በማግስቱ እመጣለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሳውን አውቶቡስ ይዤ፣ እናትሽ የሠራችውን ይዤ። እቀምሰዋለሁ፣ ቅመስ ይበሉኝ።

ሳህኑን አጥበሽ መልሺልኝ። ውሃ ከጠፋ በእንጀራው ጥረጊው። እናትሽ ታቹን እንደምታየው አትርሺ።

የአስተማሪው ልጅ ጋ ነገ እሄዳለሁ። ቡናውን ከመጠጣቴ በፊት እነግራታለሁ። ታስወጣኝ ይሆናል። ብታስወጣኝም እውነት አላት።

እናትሽ በሶና የተቆላ ሽምብራ ልካልሻለች፣ ረዳቱ ጋ ነው። ለባልደረባሽ ቤተሰብም አካፍያቸው። እናቱን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሻት ሂጂ፣ ብቻዋን አትተያት።

እሁድ ማታ ደውይ። አልዘጋም።

አባትሽ